በቍጥር ያነሱ ወገኖች በዓለም ሸንጎ ፊት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዛሬው ቀን፥ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። ከእኛ በፊት የወጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚሁ ቦታ ቆመው ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ሥራ ክቡርነት በሚገባ ተናግረዋል። እኛ የመረጥነው ርእስ ከዚህ ለየት ያለ ነው። በአንድ አገር ውስጥ በቋንቋ፥ በዘር ወይም በሃይማኖት በቍጥር ያነሱ ወገኖች መብታቸው በዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዴት ሊጠበቅ እንደ ተሞከረ፥ ሙከራውም የት ላይ እንደ ሠመረና የት ላይ እንደ ወደቀ ለመናገር አስበናል። ርእሱ ለእኛ ዕድሜ ከፍ ያለ ይመስል ይሆናል። ስለዚህ ለምን እንደ መረጥነው ለማስረዳት፥ አስቀድመን አንድ ጥፋታችንን በእናንተ ፊት መናገር ግድ ይሆንብናል።

ባለፈው ዓመት የአዳሪ ቤት ተማሪዎች ኮሚቴ አንድ ደንብ አወጣ። ደንቡም በመኝታ ቤትና በምግብ አዳራሽ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ሲናገር የተገኘ ተማሪ በየጊዜው ሃምሳ ሳንቲም ይክፈል የሚል ነበር። የገንዘቡም ሣጥን በምግብ አዳራሹ በር አጠገብ ተሰቀለ። ሐሳባችን ክፉ አልነበረም፤ እንግሊዝኛችን እንዲሻሻል፥ በመካከላችንም መለያየት እንዳይኖር ብለን ነው። ደንቡ በድምፅ ብልጫ ሲጸድቅ የተቃወሙት አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። እነርሱም ከሩቅ ቆላ አገር የመጡ፥ እርስ በርሳቸው በእናታቸው ቋንቋ የሚነጋገሩ ናቸው። አቤት ቢሉን፥ «ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ማንንም ከማንም አይለይም» ብለን መለስንላቸው። በጽሑፍ ያቀረቡትንም አቤቱታ እነርሱን ሳንጠራ ተነጋግረንበት ወደ ጐን አደረግነው።

በዓመቱ መጨረሻ ሣጥኑ ተከፈተ፤ የገንዘብ ያዡም መዝገብ ተነበበ። ከእኛ ከብዙዎቹ ኪስ የገባ አንድም ሳንቲም አልተገኘም። ሁሉንም የከፈሉት አራቱ ነበሩ። ከእነርሱም አብዛኛውን የከፈለው፥ ገና አማርኛ ላልበረታ ታናሽ ወንድሙ ማታ ማታ የሒሳብ ትምህርት በቋንቋቸው ያስረዳ የነበረው ልጅ ነው። ታናሹም ከጊዜ ብዛት በገበታ ላይ መናገር ትቶ ነበር። በገንዘቡ አንድ የእግር ኳስ ተገዝቷል፤ በዚያም ኳስ ሁላችንም ተጫውተናል።

የታሪክ መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቈጡንም። «ለሁሉም አንድ ነው ያላችሁትን ክርክር ከእናንተ አስቀድሞ በሄግ የተቀመጠ የዓለም ፍርድ ቤት ሰምቶታል፤ ምን ብሎ እንደ ፈረደ ፈልጋችሁ አንብቡ» አሉን። እኛም አነበብን። ዛሬ የምንናገረው ከዚያ ንባብ ያገኘነውን ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ታላቅ ጦርነት መጨረሻ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ፥ የጀርመን፥ የሩሲያና የኦቶማን ቱርክ መንግሥታት ፈረሱ፤ በፍርስራሻቸውም ላይ አዳዲስ አገሮች ቆሙ። ነገር ግን ድንበር በምንም ያህል ጥንቃቄ ቢሰመር ከመስመሩ ወዲያ የሚቀር ሰው አይጠፋም። ትናንት በአንድ መንግሥት ሥር ከብዙዎቹ ጋር የነበረ ገበሬ፥ ከቤቱ ሳይነቃነቅ በማግሥቱ በሌላ መንግሥት ሥር ከጥቂቶቹ ጋር ተቈጠረ። የልጁ ትምህርት ቤት በማን ቋንቋ ያስተምራል? በፍርድ ቤት በየትኛው አንደበት ይናገራል? እስከዚያ ዘመን ድረስ እንዲህ ያለው ነገር የየመንግሥቱ የቤት ጕዳይ ነው፥ የውጭ ሰው አይገባበትም ይባል ነበር።

ድል ያደረጉት መንግሥታት ጁን 28 ቀን 1919 በቬርሳይ ከጀርመን ጋር የሰላሙን ውል በፈረሙበት ዕለት፥ ከፖላንድ ጋር ደግሞ ስለነዚሁ ወገኖች ሌላ ውል ተፈራረሙ። ቼኮስሎቫኪያ፥ ሮማኒያ፥ ግሪክና የሰርቦች፥ የክሮአቶችና የስሎቬኖች መንግሥት ይህን የመሰለ ውል ፈረሙ፤ ሌሎችም አገሮች በየተራቸው ቃል ገቡ። የውሎቹ ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛው፥ በቍጥር ያነሱት ወገኖች በሕግ ፊት ከሌላው ዜጋ ጋር እኩል ይሁኑ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ቋንቋቸውን፥ ሃይማኖታቸውንና በገዛ ገንዘባቸው የሚያቆሙትን ትምህርት ቤት ይዘው ይኑሩ የሚል ነው። ለቃሉም ዋስ የሆነው ጄኔቭ ላይ የተቀመጠው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ነበር፤ ክርክር ቢነሣ ደግሞ ጕዳዩ በሄግ ወደሚገኘው ቋሚ የዓለም ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለ አንድ መንደር ትምህርት ቤት አንድ መንግሥት በሌሎች ፊት መልስ እንዲሰጥ መደረጉ ለዓለም አዲስ ነገር ነበር።

ይህ ሥርዓት መልካም ፍሬ አላፈራም ማለት አይቻልም። በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ኦላንድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ነዋሪዎቹም ስዊድንኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ፊንላንድ በ1917 ነፃነቷን ባወጀች ጊዜ የደሴቶቹ ሕዝብ ከስዊድን ጋር እንቀላቀል ብሎ ጠየቀ፤ ነገሩም ሁለቱን አገሮች ሊያጣላ ደረሰ። የማኅበሩ ምክር ቤት በ1921 ባደረገው ውሳኔ ደሴቶቹ የፊንላንድ ሆነው ይቅሩ፥ ነገር ግን የነዋሪዎቹ ቋንቋ፥ ትምህርት ቤትና የመሬት ይዞታ በጽኑ ዋስትና ይጠበቅ አለ። ፊንላንድም ቃሏን አከበረች። እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ በኦላንድ ትምህርት ቤቶች ዛሬም የሚማሩት በስዊድንኛ ነው፤ ለዚህም ደም አልፈሰሰም። ከሁለቱ ወገን አንዱም የጠየቀውን ሁሉ አላገኘም፤ ሆኖም ሁለቱም ሊኖሩበት የሚችሉትን አገኙ።

አሁን መምህራችን ወደ ነገሩን ወደ ሄጉ ፍርድ ቤት እንመለስ።

አልባኒያ ወደ ማኅበሩ ከገባች በኋላ በ1921 ስለ ጥቂቶቹ ወገኖች ቃል ገብታ ነበር። በደቡብ አልባኒያ ግሪክኛ የሚናገሩ፥ የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑ ወገኖች ነበሩ፤ እነርሱም የራሳቸው ትምህርት ቤቶች ነበሯቸው። በ1933 ግን የአልባኒያ መንግሥት ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ፥ ማስተማር የመንግሥት ሥራ ብቻ ይሁን፥ የግል ትምህርት ቤቶች በሙሉ ይዘጉ ሲል ደነገገ። የግሪኮቹም ትምህርት ቤቶች አብረው ተዘጉ። እነርሱ አቤቱታቸውን ወደ ጄኔቭ ላኩ፤ ምክር ቤቱም የፍርድ ቤቱን አስተያየት ጠየቀ።

የአልባኒያ መልስ ቀላልና ግልጽ ነበር። የተዘጋው የግሪኮች ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ የአልባኒያውያንም፥ የኢጣልያኖችም ተዘግቷል። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ማንንም ከማንም አይለይም። እኛ ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን፤ የእኛው ቃል ነበርና።

ለአልባኒያም ቢሆን ፍርድ ሳናዛባ መናገር ይገባናል። አገሪቱ ነፃነቷን ያወጀችው በ1912 ነበር፤ የውጭ መንግሥታት ተጽዕኖ በትምህርት ቤት በር በኩል እንዳይገባባት መስጋቷም ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድነትን መሻት ኀጢአት አይደለም። ከዳኞቹም ሦስቱ የውሉ ቃል «እኩል መብት» የሚል ስለ ሆነ፥ ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤት ካልተፈቀደላቸው ጥቂቶቹም ሊፈቀድላቸው አይችልም የሚል ሐሳብ ነበራቸው።

ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ አፕሪል 6 ቀን 1935 በስምንት ድምፅ በሦስት ላይ የአልባኒያን ክርክር አልተቀበለም። ምክንያቱን በራሳችን አነጋገር እንደሚከተለው እናስረዳለን። እኩልነት ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ በሕግ ቃል ላይ ያለ እኩልነት ነው፤ ሌላው በኑሮ ላይ የሚታይ እኩልነት ነው። ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤታቸው ቢዘጋ ልጃቸው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሄዶ በእናቱ ቋንቋ ይማራል፤ የጐደለበት ነገር ትንሽ ነው። የጥቂቶቹ ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ ሲዘጋበት ቋንቋውም አብሮ ይዘጋበታል። ስለዚህ በሁለት ልዩ ልዩ ሁኔታ ላይ ባሉ ሰዎች ላይ አንድ ዐይነት ሕግ ቢጫን የሚወጣው ውጤት አንድ አይደለም። እውነተኛ እኩልነት እንዲገኝ አንዳንድ ጊዜ ለጥቂቶቹ የተለየ ነገር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህም ሚዛኑን ለማስተካከል ነው እንጂ እነርሱን ከሌላው ለማብለጥ አይደለም። የራሱን ተቋም ተነጥቆ ራሱን የሚያሰኘውን ነገር እንዲተው የተገደደ ወገን ከሌላው ጋር እኩል ነው ማለት አይቻልም። የአልባኒያም መንግሥት አስተያየቱን ተቀብሎ ትምህርት ቤቶቹ ዳግመኛ እንዲከፈቱ ፈቀደ።

እነሆ፥ የእኛ ሃምሳ ሳንቲም እንዲሁ ነበር። ቅጣቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ነገር ግን ለእኛ የእናታችንን ቋንቋ መናገር በነፃ ነበር፥ ለእነርሱ ግን በዋጋ።

ወላጆቻችን ምናልባት፥ «እንዲህ ያለ መልካም ሥርዓት ከነበረ ለምን ወደቀ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ይህን ለመመለስ አንድ ሌላ ጕዳይ እናንሣ። በጀርመንና በፖላንድ መካከል ላይኛው ሲሌዝያ የሚባል የከሰል ድንጋይ አገር ነበር። አገሩ ለሁለቱ በተከፈለ ጊዜ በ1922 ለዐሥራ አምስት ዓመት የሚጸና ውል ተደረገ፤ በውሉም ውስጥ በቍጥር ካነሱት ወገኖች አንዱ ሰው ብቻውን እንኳ በቀጥታ ለማኅበሩ ምክር ቤት አቤት እንዲል ተፈቅዶለት ነበር። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ይዞ በአይሁድ ላይ ሕግ ማውጣት በጀመረ ጊዜ፥ በግላይቪትዝ ከተማ በአንድ መደብር ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ፍራንዝ በርንሃይም የሚባል ሰው አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው ተባረረ። ይህ ሰው ባለሥልጣን አልነበረም፤ ባለጸጋም አልነበረም። ሆኖም በሜይ 1933 አቤቱታውን ለጄኔቭ አቀረበ።

የጀርመን መልእክተኛ በዓለም ፊት ቆሞ መልስ መስጠት ግድ ሆነበት፤ የተደረገው ስሕተት የበታች ሹማምንት ጥፋት ነው ሲልም ተናገረ። ከዚያም በኋላ በዚያች አንዲት አውራጃ በአይሁድ ላይ የወጡት ሕጎች ሳይሠራባቸው ቆዩ። በቀረው የጀርመን አገር ሁሉ አይሁድ ከሥራቸው ሲባረሩና ሲዋረዱ፥ በላይኛው ሲሌዝያ ውሉ እስካለቀበት እስከ ጁላይ 15 ቀን 1937 ድረስ ከአራት ዓመት በላይ ተጠብቀው ኖሩ። ውሉ ባለቀ ጊዜ ግን ጥበቃውም አብሮ አለቀ፤ ክፉዎቹ ሕጎች ወዲያው ገቡ። የአንድ ተራ ሠራተኛ አቤቱታ ይህን ያህል መሥራቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ከአውራጃዋ ድንበር ወዲያ ያለው ሌላው አይሁዳዊ ግን አቤት የሚልበት በር አልነበረውም። ይህን ስናስብ ልባችን ያዝናል።

እንግዲህ የሥርዓቱ ሕመም ምን እንደ ነበረ ከዚህ ማየት ይቻላል። አንደኛ፥ ሕጉ የሁሉ አልነበረም። ፖላንድና ሮማኒያ ሲታሰሩ፥ እንግሊዝና ፈረንሣይ፥ ኢጣልያም በገዛ ምድራቸው ስላሉት ወገኖች አልተጠየቁም፤ ጀርመንም ከላይኛው ሲሌዝያ በቀር እንዲሁ ነበረች። የታሰሩት መንግሥታት ይህን እንደ ውርደት ቈጠሩት፤ ፖላንድም በሴፕቴምበር 1934፥ ለሁሉም እኩል የሆነ ሥርዓት እስኪወጣ ድረስ ከማኅበሩ ጋር በዚህ ጕዳይ አልተባበርም ብላ አስታወቀች። ሁለተኛ፥ ከላይኛው ሲሌዝያ በቀር አቤት ባዩ ራሱ ተከራካሪ አልነበረም። ወረቀቱ እንደ ወሬ ተቈጥሮ ሦስት የምክር ቤት አባላት ያዩታል፤ የተከሰሰው መንግሥት መልስ ይሰጣል፤ ባለጕዳዩ ግን አይጠራም። የአራቱን ወንድሞቻችንን ወረቀት ያየንበት ሁኔታ ይህን ይመስል ነበር። ሦስተኛ፥ የዓለም ሸንጎ ዳኛ ነበረው እንጂ ጭፍራ አልነበረውም።

ይህን ሦስተኛውን ከእኛ ከኢትዮጵያውያን የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ የለም ብንል ማጋነን አይሆንም። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የማኅበሩ አባል ነበረች። የፋሽስት ጦር ወረራት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ ጉባኤ ፊት ቆመው አቤት አሉ፤ ማኅበሩ ግን በኢጣልያ ላይ የጣለውን የንግድ ማዕቀብ ወዲያው አነሣ። ታናሹ መንግሥት ካልተሰማ በታናሹ መንግሥት ውስጥ ያለው ታናሽ ወገን ማን ይሰማዋል? በ1938ም ሂትለር በቼኮስሎቫኪያ የሚኖሩትን ጀርመናውያን መብት ምክንያት አድርጎ የአገሪቱን ክፍል በሙኒክ ስምምነት ወሰደ። የጥቂቶችን መብት የማስጠበቅ ቃል የጕልበተኛ ማስመሰያ ሊሆን እንደሚችል ዓለም በዚህ ተማረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲቋቋም ብዙዎቹ የቀድሞውን መንገድ ጠሉት። ዲሴምበር 10 ቀን 1948 የወጣው የሰብአዊ መብት መግለጫ ስለ እያንዳንዱ ሰው ይናገራል፤ በቍጥር ስላነሱ ወገኖች የተለየ አንቀጽ ግን የለውም። እያንዳንዱ ሰው መብቱ ከተጠበቀለት ወገኑም ይጠበቃል የሚል ተስፋ ነበር። በዋዜማው ዲሴምበር 9 ቀን የጸደቀው የዘር ማጥፋትን ወንጀል የሚከለክለው ስምምነት ግን ለወገን ሕይወት ዘብ የቆመ ነው። ይህንም ስምምነት ከአገሮች ሁሉ አስቀድማ በጁላይ 1949 ያጸደቀችው ኢትዮጵያ መሆኗን በደስታ እንናገራለን፤ ደስታውም አደራ ያለበት መሆኑን አንዘነጋም።

በሕይወት መቆየት ግን ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በ1966 የወጣውና ኢትዮጵያ በ1993 የገባችበት የዜግነትና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በ27ኛው አንቀጹ፥ በቍጥር ያነሱ ወገኖች አባላት ከወገኖቻቸው ጋር ሆነው በባህላቸው ከመኖር፥ ሃይማኖታቸውን ከመከተልና በቋንቋቸው ከመናገር እንዳይከለከሉ ይደነግጋል። ይህ ሕግ እንደ ቀድሞው ለጥቂት አገሮች ብቻ የተሰፋ ልብስ አይደለም፤ የፈረመ ሁሉ ይለብሰዋል። በአንዳንድ አገሮችም ባለጕዳዩ ራሱ አቤት እንዲል ተፈቅዷል። ሳንድራ ላቭሌስ የምትባል የካናዳ የጥንት ተወላጅ ሴት ከወገኗ ውጭ በማግባቷ ብቻ ወገንነቷን በሕግ አጣች፤ ከወገኑ ውጭ ያገባ ወንድ ግን አያጣም ነበር። ትዳሯ ሲፈርስ ወደ ዘመዶቿ መንደር ተመልሳ መኖር ፈልጋ አቤት አለች። የሰብአዊ መብት ኮሚቴው በ1981 እውነቱ ከእርሷ ጋር ነው አለ፤ ካናዳም በ1985 ሕጓን አሻሻለች። ኮሚቴው ጦር አልላከም፤ ሆኖም አንዲት ሴት የጻፈችው ደብዳቤ የታላቅ አገር ሕግ አስለወጠ።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ፥ በጎረቤታችን በኬንያ በማው ደን ውስጥ ኦጊየክ የሚባሉ፥ ከጥንት ጀምሮ በአደንና ማር በመቍረጥ የሚታወቁ ጥቂት ሕዝብ አሉ። በ2009 የኬንያ መንግሥት ደኑ እንዲጠበቅ በሚል ምክንያት በሠላሳ ቀን ውስጥ ልቀቁ አላቸው። ጕዳያቸው በአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን በኩል በአሩሻ ወደሚገኘው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ሜይ 26 ቀን 2017 መንግሥት መሬታቸውን፥ ባህላቸውንና ሃይማኖታቸውን የሚመለከተውን መብታቸውን እንደ ጣሰ፥ ደኑም የሳሳው በእነርሱ ጥፋት እንዳልሆነ ፈረደ። ጁን 23 ቀን 2022 ደግሞ 157,850,000 የኬንያ ሺልንግ ካሣ እንዲከፈላቸውና መሬታቸው በጋራ ስማቸው እንዲጻፍላቸው አዘዘ። ይህ በአፍሪካውያን ዳኞች የተሰጠ ፍርድ በመሆኑ ልባችን ይኮራል። ሆኖም ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ በኖቬምበር 2023 ከኦጊየክ ወገን ብዙ ሰዎች እንደገና ከቤታቸው እንዲወጡ ተደርጓል። ፍርዱ የተጻፈው በአሩሻ ነው፤ የሚፈጸመው ግን በማው ደን ውስጥ ነው፤ በሁለቱም መካከል ያለው መንገድ ረዥም ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርን? ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ከንቱ ናቸው የሚል ሰው በርንሃይምን፥ የኦላንድን ሕዝብና ሳንድራ ላቭሌስን ይጠይቅ። ድርጅቶቹ ብቻ ይበቃሉ የሚል ሰው ደግሞ የላይኛው ሲሌዝያን አይሁድ ከ1937 በኋላ የደረሰባቸውን ይመልከት። የዓለም ሸንጎ ታላቅ ጥቅሙ ሦስት ነገር ማድረጉ ነው፤ ጕልበተኛው በሌሎች ፊት ቆሞ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ታናሹ አቤት የሚልበት በር ይከፍታል፤ ብዙዎቹ ለራሳቸው የማይታያቸውን ጥፋት ስም አውጥቶ ያሳያቸዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚፈጽሙት በአገር ቤት ያሉት ብዙዎቹ ናቸው። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። በቍጥር ያነሰ ወገን አጥሩ የሚነቀነቀው ጎረቤቶቹ ሲንቁት ነው፤ በጄኔቭም በአሩሻም የሚጻፍ ወረቀት ይህን ንቀት ከልብ ሊፍቅ አይችልም።

እኛም ከዚህ ንባብ በኋላ አራቱን ወንድሞቻችንን ወደ ኮሚቴው ጠርተን፥ ያን ጊዜ ሳንሰማ ያስቀመጥነውን ወረቀት ራሳቸው እንዲያነቡት ለመንናቸው። ክርክሩ ሁለት ማታ ፈጀ። «ሁሉም በየቋንቋው ከተናገረ አዳሪ ቤቱ ይከፋፈላል» ያሉ ነበሩ፤ ስጋታቸውንም አልናቅነውም። በመጨረሻ በክፍልና በስብሰባ የጋራ ቋንቋ እንዲነገር፥ በመኝታ ቤትና በገበታ ግን እያንዳንዱ እንደ ፈቀደ እንዲናገር ተወሰነ። ደንቡ የተሻረው በጥቂት ድምፅ ብልጫ ነው። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ሌላ ብዙኀን ሊመልሰው ይችላል።

እናንተ ከእኛ በኋላ የምትቀሩ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ይህን አደራ የምንሰጠው ለእናንተ ነው። በኮሚቴው መተዳደሪያ ላይ አንድ አንቀጽ እንድትጨምሩ እንለምናችኋለን፤ ይኸውም በጥቂቶች ላይ የሚከብድ ማናቸውም ደንብ ጥቂቶቹ ራሳቸው ቀርበው ሳይሰሙ አይጽደቅ የሚል ነው። አንድ ደንብ ሲቀርብላችሁም «ለሁሉም አንድ ነውን?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «የሚከፍለው ማነው?» ብላችሁም ጠይቁ።

ወላጆቻችንንና መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ከእኛ መካከል ነገ ዳኛ፥ ጸሓፊ፥ አስተማሪ ወይም የወረዳ ሹም የሚሆን አይጠፋም። በምንሄድበት አገር ሁሉ ከብዙዎቹ ጋር የምንቈጠርበት ቦታ አለ፤ ከጥቂቶቹም ጋር የምንቈጠርበት ቦታ ይኖራል። በአንደኛው ቦታ የሠራነውን በሁለተኛው ቦታ እንዳንረሳ በምክራችሁ አትለዩን።

በመጨረሻ፥ በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከየኪሳችን አዋጥተናል፤ ዛሬ ከዚህ በዓል በኋላ ለአራቱ ወንድሞቻችን እንመልስላቸዋለን። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ታናሹ ልጅ በገበታ ላይ ዝም ያለበትን ዓመትም ሊመልስለት አይችልም። ይህን እናውቃለን፤ ስለዚህም ነው በጓዳ ሳይሆን በእናንተ ፊት የተናገርነው።